የጣና ታንኳ ዕረፍት

ጫጫ ላይ የሣር ክዳን ቤት ያለው ገበሬ ክረምት ሳይገባ ጣራውን ያድሳል። የጣና ባለታንኳ ግን ይህን የመሰለውን ሥራ ወቅት አይጠብቅለትም፤ ከየጉዞው በኋላ ነው የሚሠራው።

ታንኳው በደንገል የታሰረ ነው። ሸራ የለውም፤ በዘንግ ይቀዘፋል። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ባለቤቱ እንደ ወረደ ከሐይቁ አውጥቶ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ ፀሐይም ያደርቀዋል። ውሃ ላይ ቢተወው ይከብዳል፤ ይበሰብሳል። እንዲህ ያለው ታንኳ እንጨት ተጭኖ መካከል ሐይቅ ላይ ዝቅ ሲል እርስዎ ቢሳፈሩበት ምን ይሰማዎታል?

የላላውን ማሰሪያ ያጠብቁታል። ቢንከባከቡትም ከወራት አያልፍም፤ በአዲስ ይተካል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ዳርቻው እየታረሰ ረግረጉ ስለ ጠበበ፣ በታንኳ ሥራ የታወቁት ወይጦዎች ደንገሉን እንደ ድሮው በደጃቸው አያገኙትም።