ቤት ሲታደስ ወፏ የት ትደር?

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚኒሶታን ወንዝ ተሻግራ የምትገኘው ኢገን በአንድ ወቅት በሽንኩርት እርሻዋ የምትታወቅ የገጠር ቀበሌ ነበረች። ከተማ የተባለችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ዛሬ ብዙ አበሻ ገዝቶ የሚኖርባቸው ቤቶች በአመዛኙ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ስለሆኑ አሁን የሚታደሱበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ምንጣፉ ተነስቶ ፓርኬ ይነጠፋል፣ የኩሽናው ቁም ሳጥን ይቀየራል፣ ከአገር ቤት ለሚመጡ እናት ቤዝመንቱ ይዘጋጃል። በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ሳሎኑ ጥግ ላይ ልጆች ለምነው ያስገዟት በቀቀን አለች። አስታዋሽ ካገኘች "ሌላ ክፍል አስገብተን በሩን እንዘጋባታለን" ይባላል። በሩን መዝጋት ግን አያድናትም። ምክንያቱ ከፊሉ የወፏ ሳንባ፣ ከፊሉ ደግሞ የሚኒሶታ ቤት አሠራር ነው።

እኛ ስንተነፍስ አየሩ በገባበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል፤ ስለዚህ ሳንባችን ውስጥ ምንጊዜም አዲስና አሮጌ አየር ተቀላቅሎ ይገኛል። የወፍ ሳንባ እንደኛ አይነፋም፣ አይኮማተርም። አየሩን የሚያንቀሳቅሱላት በሰውነቷ ውስጥ የተሠራጩ፣ በአብዛኞቹ ወፎች ዘንድ 9 የሚሆኑ ስስ የአየር ከረጢቶች ናቸው። ወደ ውስጥ ስትስብ ከፊሉ አየር በቀጥታ ወደ ኋለኞቹ ከረጢቶች ይገባል፤ ስታስወጣ ደግሞ ያ የተጠራቀመው አየር በሳንባዋ በኩል ያልፋል። በዚህ የተነሳ ሳንባዋ ስትስብም ስታስወጣም አዲስ አየር ያገኛል። አየሩና ደሟ የሚገናኙበት ግድግዳም ከእኛ ይልቅ እጅግ የሳሳ ነው። ለበረራ የሚያስፈልጋትን ኦክስጅን የምታገኘው በዚህ ነው። ችግሩ በዚያው መንገድ መርዝም ያለምንም ከልካይ መግባቱ ነው። ባጂ የምትባለው ትንሿ በቀቀን ክብደቷ ከ30 እስከ 40 ግራም ቢሆን ነው፤ ለእኛ ራስ ምታት ብቻ የሚሆን ጋዝ እሷን ይገድላል።

የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ይህን ያውቁ ነበር። የፊዚዮሎጂው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን በ1890ዎቹ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ ነበር፤ ልማዱ የቀረው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲተካው በ1986 ነው። ወፏ ከማማዋ ስትወድቅ ሰዎቹ ካርቦን ሞኖክሳይድ መኖሩን አውቀው ይወጣሉ። አንዳንዱ የወፍ ማጎሪያ ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ስለነበረው የወደቀችውን ካናሪ መልሰው ያነቋት ነበር። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግን የተቃኘው ለሰው ነው። የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ እንዲኖር ያዛል። ሆኖም የጋዙ መጠን በሚሊዮን 70 እጅ ሲደርስ መሣሪያው ለመጮህ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ለወፍ ይህ በጣም የረፈደ ነው።

ከዕድሳት ዕቃዎች መካከል ደግሞ ጭስ ሳይኖረው ራሱ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለወጥ አለ። ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባለው የቀለም ማስለቀቂያ ከተተነፈሰ በኋላ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይህንኑ ጋዝ ይፈጥራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለቀለም ማስለቀቂያነት ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ በ2019 ከልክሎ፣ በ2024 ክልከላውን አስፍቶታል። ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ቆርቆሮ ያስቀመጠ ሰው ስሙን ያንብብ። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ደግሞ አሮጌውን ቀለም በሙቀት መንፊያ ማላቀቅ የእርሳስ ጢስ ያስነሳል፤ እርሳሱ ከወፏም በላይ ለሕፃናቱ ያሰጋል። የአኳራጅ፣ የቫርኒሽ፣ የኮላ ትነት፣ ከአዲስ ኤምዲኤፍ ቁም ሳጥን የሚወጣው ፎርማልዴሃይድም እዚሁ ይቆጠራሉ።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። አብዛኛው የኢገን ቤት የሚሞቀው በፈርነስ ነው። ማራገቢያው ከየክፍሉ አየር ይስባል፣ ያሞቃል፣ ተመልሶ ለሁሉም ያድላል። ቤዝመንት ውስጥ የተቀባው ቫርኒሽ ትነቱ በመሳቢያው ቀዳዳ ገብቶ፣ በሩ የተዘጋባት ወፍ ክፍል ወለል ላይ ባለው መንፊያ በኩል ይወጣል ማለት ነው። ከቤት ውጭ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን ደግሞ መስኮት ከፍቶ የሚውል የለም። የሚሠራበትን ክፍል መሳቢያና መንፊያ በፕላስቲክና በቴፕ መሸፈን፣ ሥራው እስኪያልቅ ማራገቢያውን ማቆም፣ መስኮት ላይ ወደ ውጭ የሚነፋ ቬንቲሌተር መትከል ይጠቅማል። ቬንቲሌተሩ አየር ሲያስወጣ ግን ሌላ መስኮት በትንሹ ካልተከፈተለት፣ ጥብቅ ሆኖ በተሠራ ቤት ውስጥ የውኃ ማሞቂያውን የተቃጠለ ጋዝ ከጭስ ማውጫው ወደ ቤት ሊስበው ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ቆርቆሮው ከመከፈቱ በፊት ወፏ ከቤት ትውጣ። ዘመድ ጋ፣ ጓደኛ ጋ፣ ወፍ የሚያሳድር ቦታ ካለም እዚያ ትሰንብት። መኪናውን አስቀድሞ ማሞቅና ማጎሪያውን በብርድ ልብስ መሸፈን ከብርዱ ያድናታል። የምትመለሰው ቀለሙ ሲደርቅ አይደለም። የውኃ ቀለም ሲነካ የሚደርቀው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ጨርሶ የሚጠናው ግን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ ትነቱ እየቀነሰ መውጣቱን አያቆምም። አፍንጫችን ሽታ ቶሎ ስለሚለምድ "አሁንማ አይሸትም" ማለት ማስረጃ አይሆንም። ትነቱ አነስተኛ ነው ተብሎ የሚሸጠው ቀለምም ምንም አይወጣውም ማለት አይደለም። ቢያንስ ለጥቂት ቀናት መስኮት እየተከፈተ ቤቱ ደጋግሞ ይናፈስ፤ በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ ከሆነ ከዚያም ይበልጥ ይጠበቅ።

ኩሽናው ሲታደስ ሌላ አደጋ ይመጣል። አዲስ ምድጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለኮስ፣ ወይም ራሱን በሙቀት ሲያጸዳ፣ ጭስና ትነት ያወጣል። እዚህ ላይ የሚያሳስበው በ1938 የተገኘውና ቴፍሎን በሚል ስም የምናውቀው የማያስይዝ ልባስ ነው። ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲግል መፈራረስ ይጀምራል፤ ጋዙ የወፍን ሳንባ በደምና በውኃ ይሞላል። ሞቷ የደቂቃዎች ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ማርከሻም የለውም። በአንዳንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና የማሞቂያ አምፖል ላይም ይህ ልባስ ይገኛል።

በእኛ ቤት ደግሞ ቡና አለ። ቡናው ታጥቦ በማያስይዝ መጥበሻ ላይ ይደረጋል፤ እሳቱ ከፍ ብሎ ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር 200 ዲግሪን ያልፋል፤ ቆይዋ እንግዶቹ ጭሱን እንዲያሸቱት መጥበሻውን ይዛ ስትዞር ወፏም ከዚያው ጭስ ትስባለች። ተመልሶ ባዶውን መጥበሻ እሳት ላይ የረሳው ካለ፣ ሙቀቱ በጥቂት ደቂቃዎች ልባሱ ወደሚፈራርስበት ደረጃ ይደርሳል። ልባስ የሌለው የብረት ምጣድ ይህን ችግር አያመጣም። የዕጣኑ ጭስ ግን ከወፏ ክፍል ይራቅ። ኖርዌጂያኖቹ ጎረቤቶቻችን ሌፍሳ የሚጋግሩበትን፣ እኛ እንጀራ የምንጋግርበትን የኤሌክትሪክ ምጣድ ስንገዛም ልባስ ያለውና የሌለው ዓይነት እንዳለ እንጠይቅ።

ሚኒሶታ በዚህ ረገድ ቀድማለች። በ2023 ገና በ20 ዓመቷ በጉበት ካንሰር ባረፈችው በአማራ ስትራንድ ስም የተሰየመው ሕግ ፒፋስ የሚባሉትን ኬሚካሎች፣ ቴፍሎንንም ጨምሮ፣ ሆን ተብሎ የተጨመረባቸው የማብሰያ ዕቃዎችና ምንጣፎች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እንዳይሸጡ ከልክሏል። ሕጉ የሚመለከተው ሽያጩን ስለሆነ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው አሮጌ መጥበሻ ባለቤቱ እስኪያወጣው እዚያው ነው።

ወፍ በሽታዋን ትደብቃለች፤ በዱር የታመመች መሆኗ የታወቀባት ወፍ ለአዳኝ ትጋለጣለችና። ስለዚህ ምልክቱ ሲታይ ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል። አፏን ከፍታ መተንፈስ፣ ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ማለቱ፣ ላባዋን ነፍታ ማማው ሥር መቀመጧ ይታያል። ያኔ ለመመርመር አንቆይም፤ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥተን፣ ሙቀት ጠብቀን፣ ወፍ የሚያክም ሐኪም ጋ እንወስዳታለን። ከወንዙ ማዶ ብሉሚንግተን የሚገኘው የቤት እንስሳት መርዝ ማማከሪያም 24 ሰዓት ስልክ ያነሳል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደተቀባ ነውና ስንወጣ የቆርቆሮውን ጽሑፍ በስልካችን ፎቶ እናንሳ።