ኦዞንን ከሕዋ መለካት፦ ተረቱና እውነታው

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የደቡብ ዋልታን በጥቁር ሰማያዊና በሐምራዊ ቀለም የሚያሳይ ካርታ በዜና ማሰራጫዎች ይዞራል፤ «የኦዞን ቀዳዳ» ይባላል። ካርታው ትክክለኛ ነው። እንዴት እንደተሠራና ምን እንደሚያሳይ የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይርቃል። የኦዞን ንጣፍ ቆዳችንን፣ ዓይናችንንና ሰብላችንን ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚጋርድ በመሆኑ ወሬውን ከእውነታው መለየት ያስፈልጋል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ ሳተላይቱ ቀዳዳውን ፎቶ ያነሳል

እውነታ፦ ሳተላይቱ ቀዳዳውን በካሜራ አያነሳም፤ የሚለካው ብርሃን ነው። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ከባቢ አየር ውስጥ ከገባ በኋላ ከፊሉ በአየር ሞለኪውሎች፣ በደመናና በመሬት ገጽ ተመልሶ ወደ ሕዋ ይወጣል። ኦዞን በመንገዱ ላይ አንዳንዱን የሞገድ ርዝመት አብዝቶ ይውጣል፤ ሌላውን እምብዛም አይነካውም። ለምሳሌ በ317.5 ናኖሜትር የሚጓዘው ጨረር በ331.2 ናኖሜትር ከሚጓዘው ይልቅ በጣም ይዋጣል። መሣሪያው በአንድ በኩል በቀጥታ ከፀሐይ የሚመጣውን፣ በሌላ በኩል ከምድር የተመለሰውን ብርሃን ይለካል። ከሁለቱ ጥምርታ የጎደለው ብርሃን ይታወቃል፤ ከጎደለው ብርሃን ደግሞ የኦዞኑ መጠን ይሰላል። በካርታው ላይ የምናየው ቀለም ከስሌቱ በኋላ በኮምፒውተር የሚጨመር ነው።

ከዚህ የተነሳ ዘዴው ፀሐይን ይፈልጋል። በዋልታው ረጅም የክረምት ሌሊት በአልትራቫዮሌት የሚሠራ መሣሪያ ምንም አያይም። በ2004 በመጠቀችው ኦራ ሳተላይት ላይ ያለ ሌላ መሣሪያ ግን ኦዞን ራሱ የሚለቀውን ማይክሮዌቭ ስለሚቀበል በጨለማም ይለካል።

ተረት፦ ቀዳዳ ማለት ኦዞን ጨርሶ የሌለበት ቦታ ነው

እውነታ፦ የኦዞን መጠን የሚነገረው በዶብሰን መለኪያ ነው፤ ስሙ የተወሰደው በ1920ዎቹ የመለኪያ መሣሪያውን ከሠራው ከኦክስፎርዱ ጎርደን ዶብሰን ነው። ከራሳችን በላይ እስከ ሕዋ ጫፍ ያለው ኦዞን ሁሉ ተሰብስቦ በባሕር ወለል ግፊትና በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢነጠፍ፣ በአማካይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይወፍራል፤ ይህም 300 ዶብሰን ነው። ሳይንቲስቶች «ቀዳዳ» የሚሉት መጠኑ ከ220 በታች የወረደበትን አካባቢ ነው። በሴፕቴምበር 30፣ 1994 የተመዘገበው 73 ዶብሰን እጅግ ዝቅተኛ ቢሆንም ዜሮ አይደለም። ነገር ግን ጥፋቱ በሁሉም ከፍታ እኩል አይደለም። ከአንታርክቲካ ወደ ላይ የሚለቀቁ ፊኛዎች እንዳሳዩት፣ ከ14 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ በመጥፎ ዓመት ኦዞኑ ከሞላ ጎደል ተጠርጎ ይጠፋል።

ተረት፦ የኢትዮጵያ ፀሐይ የበረታችው በላያችን ቀዳዳ ስላለ ነው

እውነታ፦ ኦዞን በብዛት የሚፈጠረው በምድር ወገብ አካባቢ ሰማይ ላይ ነው፤ የላይኛው አየር ዝውውር ግን ወደ ዋልታዎቹ ይወስደዋል። በዚህ ምክንያት በእኛ ኬክሮስ መጠኑ ከድሮም ከዓለም አማካይ ያንሳል። ፀሐይዋ ከአናት በላይ መሆኗና የደጋው ከፍታ ሲጨመሩ ጨረሩ ይበረታል። ኮፍያና ጥላ መያዝ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን ቀዳዳው አይደለም። ቀዳዳው የአንታርክቲካ ነው፤ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ የሚፈጠሩት ደመናዎች ከማቀዝቀዣና ከስፕሬይ ጋዞች የመጣውን ክሎሪን ኦዞን አጥፊ ያደርጉታል።

ተረት፦ የናሳ ኮምፒውተር ቀዳዳውን አይቶ መረጃውን ጣለው

እውነታ፦ ይህ ታሪክ በመጻሕፍትና በንግግር መድረክ ስለተደጋገመ እውነት መስሏል። በሜይ 1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎቹ ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን በአንታርክቲካ ካለው ከሃሊ ቤይ ጣቢያ በዶብሰን መሣሪያ የለኩትን የኦዞን ማሽቆልቆል በኔቸር መጽሔት አወጡ። ከ1978 ጀምሮ በናሳ ኒምቡስ 7 ሳተላይት ላይ ቶምስ የተባለው መሣሪያ እየለካ ነበርና፣ «ናሳ እንዴት አላየውም?» የሚል ጥያቄ ተነሣ።

የናሳ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከ180 ዶብሰን በታች ያሉትን ቁጥሮች አልጣላቸውም፤ አጠራጣሪ ብሎ ምልክት አደረገባቸው። በ1984 የቶምስ ቡድን የኦክቶበር 1983ን መረጃ ሲመረምር ምልክቶቹ በአንታርክቲካ ላይ መብዛታቸውን አስተዋለ። ለማመሳከር በዋልታው እምብርት ያለውን የምድር ጣቢያ ቁጥር ተመለከተ፤ ጣቢያው 300 ገደማ ይል ነበር። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። የተሳሳተው የምድሩ ጣቢያ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። የቡድኑ አባል ፒ. ኬ. ባርቲያ ግኝቱን ለፕራግ ሳይንሳዊ ጉባኤ አስመዝግቦ በኦገስት 1985 የቀዳዳውን ካርታ አሳየ። ስለዚህ መረጃው አልጠፋም፤ እንግዳ ለሆነ ቁጥር ሁለተኛ ምስክር ሲፈለግ ምስክሩ ተሳስቶ ተገኘ እንጂ።

ተረት፦ ሳተላይት ካለ የምድር ጣቢያ አያስፈልግም

እውነታ፦ የፀሐይን ብርሃን ወደ መሣሪያው የሚያንጸባርቀው ሰሌዳ በሕዋ ላይ በጨረር እየተመታ ይደበዝዛል። ይህ ካልታረመ መሣሪያው ያልቀነሰውን ኦዞን እንደቀነሰ አድርጎ ያሳያል። በኒምቡስ 7 የደረሰው ይኸው ነው፤ በ1988 የዓለም ሳይንቲስቶች የሳተላይቱን ውጤት ከምድር ዶብሰን መሣሪያዎች ጋር አነጻጽረው የመቀነሱ ፍጥነት ከእውነተኛው በላይ መጋነኑን አረጋገጡ። የምድር ጣቢያ አንድ ቦታ ብቻ ያያል፤ ሳተላይት ዓለምን ያያል፤ ትክክለኛነቱን የሚመሰክርለት ግን የምድሩ ጣቢያ ነው።

ተረት፦ ችግሩ አልቋል፣ ቀዳዳው ተዘግቷል

እውነታ፦ ኦዞን አጥፊ ጋዞችን ለማስቀረት በ1987 የተፈረመውና ኢትዮጵያን ጨምሮ የዓለም አገሮች ሁሉ ያጸደቁት የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ሠርቷል። ሆኖም በ2022 የወጣው የሳይንቲስቶች ግምገማ እንደሚለው፣ የአንታርክቲካ ኦዞን ወደ 1980 ደረጃው የሚመለሰው በ2066 ገደማ ነው። አጥፊዎቹ ጋዞች በአየር ላይ ለአሥርት ዓመታት ይቆያሉና። በ2019 ላይኛው አየር በመሞቁ ቀዳዳው ትንሽ ሆነ፤ በ2020 ሰፊና ረጅም ሆነ። አንዱም ዓመት ብቻውን ስለማገገሙ አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ለዓመታት ያልተቋረጠ ልኬት ነው። ልኬቱ ከተቋረጠ ሰማዩ ማገገሙን ማንም ሊያረጋግጥልን አይችልም፤ ለመሣሪያዎቹና ለምድር ጣቢያዎቹ የሚወጣው ገንዘብ የፕሮቶኮሉ አካል ተደርጎ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው።