ከማጀቴ ገደል እስከ ጀማ ሸለቆ፦ የጥንቱ ባሕር ወለል የት ነው?



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ማጀቴ የሚጓዝ ሰው በስተምዕራብ ቀና ብሎ የሚያየው ገደል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከገደሉ አናት፣ ከመንዝ ደጋ፣ ወደ ምዕራብ አቅንቶ ወደ ታችኛው የጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው ግን ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ገደል ያገኛል። በአንድ ደጋ ግራና ቀኝ ይህ ልዩነት ከምን መጣ?

መልሱ ከባሕር ይጀምራል። ከ200 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበረው የጁራሲክ ዘመን ባሕር የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ሸፍኖ ነበር። የሆነውን ቅደም ተከተል በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ ሸለቆ ከታች ወደ ላይ መቁጠር ይቻላል። ከሥር የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ አለ። በላዩ ጥልቀት የሌለው ባሕር እየተነነ የተወው ጂፕሰም ከሸክላማ ድንጋይ ጋር ተነባብሯል። ቀጥሎ ባሕሩ ሲጠልቅ የተከማቸው፣ የዛጎል ቅሪት ያለበት የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ባሕሩ ሲሸሽም ዳግመኛ አሸዋ ሰፈረ። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልት ይህን ሁሉ ከደነው።

የሁለቱ ወገኖች ዕጣ የተለያየው ከዚህ በኋላ ነው። በምሥራቅ የአፋር ስምጥ ሲከፈት ምድሪቱ በስብራት እየተቆራረጠች ደረጃ በደረጃ ሰመጠች። የይፋት ቆላ ከሰመጡት ደረጃዎች አንዱ ነው፤ ሮቢ፣ ጀውሃና አታዬም ከደጋው አጥበው የሚያመጡትን ደለል ያለብሱታል። በምዕራብ ግን ደጋው ከፍ ብሎ ቀረ፤ ጀማና ዓባይ ባዛልቱን ቆርጠው እስከ ኖራ ድንጋዩ ወረዱ። ይኸው ድንጋይ በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያም ስለሚታይ፣ በመካከል ባለው በይፋት ሥርም ተቀብሮ ይገኛል ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው።

ውሃ ዛሬም ሥራውን አላቆመም። ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ የዝናብ ውሃ የኖራ ድንጋዩን ያሟሟል፤ ስንጥቁንም እያሰፋ ይሰርጋል። ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ ንብርብር ሲገጥመው ወደ ጎን ታጥፎ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ያው ውሃ ሸክላውን ሲያለሰልስና ጂፕሰሙን ሲያሟሟ በላዩ ያለው ገደል መቆሚያ ያጣል። የጎሐ ጽዮን–ደጀን መንገድ በመሬት መንሸራተት ደጋግሞ ከሚጎዳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በማጀቴ ሜዳ ግን ለጉድጓድ የሚፈለገው ውሃ በደለሉና በተሰነጠቀው ባዛልት ውስጥ ነው። ስለዚህ ለጀማ የተጠና ዕቅድ ተገልብጦ ለይፋት አይሠራም። ከመካከላችሁ ነገ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ወይም መንገድ የሚቀይስ ቢኖር፣ አስቀድሞ ከእግሩ ሥር ያለው ንብርብር የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ።