ለዒላማ ወይስ ለጌጥ? የመጀመሪያውን ሽጉጥ ስለ መግዛት

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ቅዳሜና እሁድ የሚገናኙት በምግብ ቤት፣ በቤተ እምነትና በኳስ ሜዳ ብቻ አይደለም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በሚገኙ የዒላማ ተኩስ መለማመጃዎችም የአማርኛ ጨዋታ ይሰማል። ስፖርቱ የሚያሳፍር አይደለም፤ የሽጉጥ ተኩስ እ.ኤ.አ. ከ1896ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ ጀምሮ ውድድር ሲደረግበት የኖረ ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው «አንድ የራሴ ልግዛ» የተባለ ዕለት ነው።

እኛ ደግሞ በመሣሪያ ጉዳይ ባዶ ልባችንን ይዘን አልመጣንም። ምንሽርና ውጅግራ በፉከራና በቀረርቶ ሲወደሱ እየሰማን ያደግን ነን። መሣሪያ ክብር ነው፣ ጌጥ ነው፣ የወንድ ልጅ ወግ ነው ተብለናል። ይህ ትዝታ ሱቅ ድረስ ይከተለንና ትልቁን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ በፊልም ያየነውን ያስመርጠናል። ለጌጥ የተመረጠ ሽጉጥ ግን ዒላማ አያስመታም። ከዚያም በላይ ለስደተኛ ከሽጉጡ በፊት መመርመር ያለበት ሌላ ነገር አለ።

በቅድሚያ ወረቀቱ

በአሜሪካ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው 4473 የተባለውን የፌዴራል ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ዜግነትን ይጠይቃል። ዜጋና ባለ ግሪን ካርድ ሌላ ክልከላ ከሌለባቸው መግዛት ይችላሉ። ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሚኖር ሰው አይችልም፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይችልም። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ወገን ጠበቃውን ሳያማክር ወደ ሱቁ ባይጠጋ ይሻለዋል። ቅጹ ስለ አደንዛዥ ዕጽም ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በቅጹ ላይ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋን ግን ይሉኝታችን ነው። «የአክስቴ ልጅ ወረቀት ስለሌለው በስሜ ልግዛለት» የሚል ሰው ዘመድ የረዳ ይመስለዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 አብራምስኪ በተባለው ጉዳይ፣ እውነተኛው ገዥ ራሱ መግዛት የሚፈቀድለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ለሌላ እየገዙ «ገዥው እኔ ነኝ» ብሎ መፈረም ወንጀል መሆኑን ወስኗል። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ለተከለከለ ሰው ገዝቶ መስጠትን እስከ 15 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ለስደተኛ እስራቱ መጨረሻው አይደለም። በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት ባለ ግሪን ካርድ ከአገር ሊባረር ይችላል። ከአገዛዝ ሸሽቶ ለመጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም።

ድልድዩን ሳንሻገር

በዚህ አካባቢ በአንድ ቀን ሦስት ሕግ እናቋርጣለን። ቨርጂኒያ ያደረ ሰው ዲሲ ይሠራል፣ ማታ ለለቅሶ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሄዳል። ሕጉ ግን በየወንዙ ማዶ ይለያያል። ዲሲ ማንኛውም መሣሪያ ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ገዥ አስቀድሞ ሥልጠና እንዲወስድ፣ የጣት አሻራ እንዲሰጥና ፈቃድ እንዲያወጣ ታዛለች። ቨርጂኒያ ከሁለቱ ቀለል ትላለች። ታዲያ የሜሪላንድ ነዋሪ «እዚያ ይቀላል» ብሎ ቨርጂኒያ ሽጉጥ ገዝቶ በዚያው ይዞ መመለስ አይችልም፤ የፌዴራል ሕግ ሽጉጡ ገዥው በሚኖርበት ግዛት ባለ ነጋዴ በኩል እንዲያልፍ ያዝዛል። ከመለማመጃ ሲመለስ ሽጉጡን መኪናው ውስጥ ረስቶ ድልድዩን የተሻገረ ሰውም ዲሲ ውስጥ የሚጠብቀው ክስ ነው። ሽጉጥ ሲጓጓዝ ጥይቱ ወጥቶ፣ በተቆለፈ ሣጥን፣ ከሹፌሩ እጅ ርቆ መሆን አለበት።

አገር ቤት ይዞ ለመግባት የሚያስብ ካለም ይተወው። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትን ይከለክላል።

የትኛው ይሻላል?

ወረቀቱ የተስተካከለለት ሰው አሁን ወደ ሽጉጡ ይምጣ። የእኛ ምክር አጭር ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዒላማ የሚገዛ ሰው ካሊበር 22 የሚባለውን ይግዛ። የጥይቱ ውፍረት 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «የልጅ መጫወቻ» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፤ ነገር ግን በኦሊምፒክ የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር የሚተኮሰው ይኸው ጥይት ነው። የገዳይነቱም ነገር ቀልድ የለውም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጀማሪ የሚሸነፈው በዒላማው ሳይሆን በፍንዳታው ነው። ድምፁንና ወደ ኋላ የሚመታውን ኃይል በመፍራት ምላጩን ሲስብ እጁን ቀድሞ ያወርዳል፤ ጥይቱም ከዒላማው ሥር ይገባል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስወጣት አስቸጋሪ ነው። 22 ምቱ ቀላል ስለሆነ እጅን ያረጋጋል። ዋጋውም ሌላ ነው፤ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ብዙ ጊዜ ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። በዚያው ገንዘብ ሦስት ጊዜ የተለማመደ ሰው ይበልጣል።

ከታወቁት መካከል ሩገር ማርክ 4 እና ብራውኒንግ በክ ማርክ ይገኛሉ። የሩገር ፋብሪካ ራሱ በ1949 የጀመረው በ22 ሽጉጥ ነበር። እነዚህ ከበድ ያሉ፣ አፈሙዛቸው ረዘም ያለ፣ ማነጣጠሪያቸው የተራራቀ ነው። ሦስቱም ለዒላማ ይጠቅማሉ። በተቃራኒው ለኪስ የተሠሩት ትናንሾቹ፣ በተለይ ለእህቶቻችን «ይቺ ትሻልሻለች» እየተባሉ የሚሸጡት፣ ለጀማሪ አስቸጋሪዎቹ ናቸው። ቀላል በመሆናቸው አመታታቸው ይበረታል፤ ማነጣጠሪያቸው ስለሚቀራረብም ጥቂት መዛነፍ ዒላማው ላይ ሲደርስ ትልቅ ይሆናል።

ከስሙ ይልቅ እጅ ይፍረድ። እጀታው ሲጨበጥ የሌባ ጣት ጫፍ ያለ ጭንቅ ምላጩ ላይ መድረስ አለበት። ብዙ መለማመጃዎች ሽጉጥ ያከራያሉ፤ ሦስት አራቱን ሳይተኩሱ አንዱን መግዛት ሳይለኩ ጫማ እንደ መግዛት ነው። ከዋጋው ላይ ለአስተማሪ፣ ለጆሮ መከላከያና ለመነጽር የሚሆን ይቀነስ። የሽጉጥ ድምፅ ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ከሚችለው 140 ዴሲቤል ያልፋል። ከተኩስ በኋላ በእርሳስ ብናኝ የተነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስበትም።

ቤት ሲገባ

የመጨረሻው ዕቃ ካዝና ነው፤ ከሽጉጡ ጋር በአንድ ቀን ይገዛ። በ2023 በአሜሪካ በመሣሪያ ከሞቱት 46,728 ሰዎች መካከል 27,300ው ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ስደት ከባድ ነው፤ ብቸኝነትና ጭንቀት በየቤታችን ገብቷል፤ በእኛ ባህል ደግሞ አይነገርም። ቤቱ ውስጥ የከፋው ሰው ካለ፣ ሽጉጡ ለጊዜው ከቤት እንዲወጣ ማድረግ ወይም ጭራሹን አለመግዛት ከፍርሃት አይቆጠርም። ልጆች ያሉበት ቤትም «ከቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ» አይበቃም፤ ልጅ የማይደርስበት ቁም ሣጥን የለም።

ይህን ሁሉ ያሟላ ወገን ቅዳሜ ከሰዓት ሄዶ ወረቀቱን ይብሳ፤ ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ያላሟላ ግን ለጊዜው ተከራይቶ ይተኩስ፤ እሱም ቢሆን ወረቀቱ ከፈቀደለት ነው፤ ሕጉ የሚከለክለው መግዛትን ብቻ ሳይሆን መያዝንም ጭምር ነውና።