ምዕራፍ አምስት፦ ክርን ሲሰበር እጅን ማትረፍ

ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ በአንድ ወገን ብቻ 32 አጥንቶች አሉ። 27ቱ ያሉት በእጅ አንጓ፣ በመዳፍና በጣቶች ነው። ይህን ሁሉ ከደረታችን ጋር በአጥንት የሚያያይዘው አንድ ቀጭን አጥንት ነው፤ ከደረት አናት ተነስቶ እስከ ትከሻ ጫፍ የሚጋደመው። ትከሻ ላይ ያረፈ ምት ወደ ደረት የሚያልፈው በእሱ በኩል ስለሆነ ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ ይሰበራል።

የትከሻ መገጣጠሚያ እጃችንን ወደ ፈለግንበት እንድናዞር ያስችለናል፤ ክብ የሆነው የክንድ አጥንት ራስ የሚያርፍበት ጉድጓድ ግን ጥልቀት የለውም፤ በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደተቀመጠ ብርቱካን ነው። ከትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚወልቀውም ትከሻ ነው። የወለቀን ትከሻ በጉልበት ጎትቶ ለመመለስ መሞከር ነርቭና ደም ሥር ሊጎዳ ይችላል፤ አብሮ የተሰበረ አጥንት መኖር አለመኖሩም በራጅ መታየት አለበት።

በመዳፍ መውደቅ የሚያስከትለው፣ «ወለምታ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ስብራትም አለ። አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ሲዘረጉ አንጓው አጠገብ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ይታያል። ከወደቁ በኋላ እዚያ ሲጫኑት የሚያምዎ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ሐኪሙ እንደ ስብራት ይዞ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ደግሞ ያየዋል።

ይህን ምዕራፍ በዋናነት የጻፍኩት ግን ስለ ልጆች ክርን ነው።

ልጅ በተዘረጋ እጁ ሲወድቅ የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሚሳሳበት ቦታ ይሰበራል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች በብዛት ይታያል። ለእጅ ደም የሚያደርሰው ዋናው ደም ቅዳ የሚያልፈው ልክ ከዚያ ፊት ለፊት ነው፤ ነርቮችም አጠገቡ አሉ። የስብራቱ ሹል ጫፍ ሊወጋቸው ወይም ሊጫናቸው ይችላል። ክርኑም በሰዓታት ውስጥ ያብጣል።

እንግዲህ በዚህ እብጠት ላይ ቀርከሃ ተደርድሮ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር አስቡት። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቅተዋል። ጡንቻ ያለ ደም 6 ሰዓት ገደማ ከቆየ ጉዳቱ አይመለስም። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 እንደገለጸው፣ የሞተው ጡንቻ ይኮማተርና ጣቶች ታጥፈው ይቀራሉ። ሲብስ እጁ ይጠቁርና መቆረጥ ግድ ይሆናል። ስብራቱ የሚድን ነበር፤ እጁን ያሳጣው ማሰሪያው ነው።

ሕዝባችን ወጌሻ ዘንድ የሚሄደው ቅርብ ስለሆነ፣ ክፍያው ስለሚቀልና ቤተሰብ ስለሚያምነው ነው። ስለዚህ ወጌሻን ማሰልጠን ከመውቀስ ይሻላል እላለሁ፤ በአገራችን የተሞከረው ሥልጠናም የሚቆረጡ እጆችና እግሮች እንዲቀንሱ ረድቷል። ሐኪም ቤት የተደረገ ጀሶም ቢሆን ሊጠብ እንደሚችል አይዘንጋ።

ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ቀዳሚው ምልክት ሕመም ነው። ስብራት ያማል፤ ተደግፎ ሲያርፍ ግን ቀስ በቀስ ይቀልለታል። ማስታገሻ የማይበግረው፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ በተለይም ጣቶቹን ቀስ ብለው ሲዘረጉለት ልጁን የሚያስጮኸው፣ የአደጋ ምልክት ነው። መደንዘዝ፣ መገርጣት፣ መቀዝቀዝና ጣት ማንቀሳቀስ አለመቻል ዘግይተው ሊመጡ ስለሚችሉ እነሱን አይጠብቁ። የሚያለቅሰውን ልጅ «ታገሥ፣ ሊጋጠም ነው» አይበሉት። እጁን ደግፈው የጨርቁን ማሰሪያ እስከ ቆዳው ድረስ ይፍቱ፤ ጀሶ ከሆነም ወዲያውኑ እንዲከፈትለት ያድርጉ። ሌሊትም ቢሆን ሳያሳድሩ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዱት።