ጉልበት ለግድግዳው፣ ገንዘብ ለሚነሣው ዕቃ
(በትንሽ ብር ቤትን ስለማሳመር)

«ቤት ማሳመር» ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የምናየው ሳሎን ነው። ሰፊ መስኮት፣ ነጭ ሶፋ፣ የሚያብረቀርቅ ወለል። የብዙዎቻችን ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቀበሌ ቤት ነው። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች አንድ ክፍልና ከኋላዋ ትንሽ ጓዳ፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ። በዚህ ጽሑፍ ይህችን ክፍል በ7,000 ብር እንዴት እንዳሳመርናት፣ የትኛው ሥራ ለምን እንደሚቀድም፣ የትም ላይ እንደተሳሳትን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ታላቅ እህቴን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደሚመጡ ተነገረን። እናቴ ደስታዋን እንኳ ሳትጨርስ ዙሪያዋን አየችና «በዚህ ቤት ነው ሽማግሌ የማስገባው?» አለች። አባቴ ደግሞ በበኩሉ «ዛሬ ነገ ይፈርሳል ለሚባል ቤት ቀለም መግዛት ብር መጣል ነው» አለ። ቤት ውስጥ ዝምታ ሆነ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

የአባቴ ጥያቄ

የአባቴን ሐሳብ ለመረዳት ስለ ቀበሌ ቤት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። እነዚህ ቤቶች የመጡት የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በጊዜው ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ። ኪራዩ ትንሽ በመሆኑ ለድሃ ሰው እፎይታ ነው፤ ነገር ግን በዚያችው ኪራይ ቤቱን መጠገን አይቻልም። ተከራዩም ግድግዳ ላፍርስ፣ መስኮት ላውጣ ቢል ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እንደኛ ባለ አሮጌ ሰፈር የሚኖር ሰው «የኛስ መቼ ይሆን?» ሳይል አያድርም።

እንግዲህ የራስ ባልሆነና ነገ መኖሩ በማይታወቅ ቤት ላይ ምን ያህል ይወጣል? መልሱን ያገኘችው እህቴ ናት። ወረቀት አወጣችና ሁለት ዓምድ አሰመረች፤ በአንዱ «የሚቀር»፣ በሌላው «የሚነሣ» ብላ ጻፈች። ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ ወለል የሚቀሩ ናቸው። መጋረጃ፣ አምፖል፣ የትራስ ልብስ፣ ቡፌ የሚነሡ ናቸው። ለሚቀረው ጉልበታችንን፣ ለሚነሣው ብራችንን እናውጣ አለች። አባቴ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እንዲህ ከሆነ ይሁን» አለ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ የዚህች ወረቀት ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው ሲጠቁርና ሲላጥ ቀለም ይገዛል፤ ቀለሙ ግን በቀጣዩ ክረምት እንደገና ይላጣል። ምክንያቱ ቀለሙ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ውሃው ከየት እንደሚገባ ማወቅ ነው።

ከላይ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በቆርቆሮው ምስማር ዙሪያ ነው። የምስማሩ ጎማ ሲያረጅ ቀዳዳው ይሰፋል። እኛ የላላውን ምስማር ቀይረን ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንነው። ከታች የሚገባውን ደግሞ ያገኘነው ከቤት ውጭ ነው፤ ለዓመታት የተጠራቀመ አፈርና ቆሻሻ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ያጠጣው ነበር። ያንን ጠርገን፣ ውሃው እንዲሄድ ትንሽ ቦይ ቆፈርን። ይህ ሁሉ አንድ ቅዳሜ ፈጀ፤ የወጣው ገንዘብ ግን የሬንጅና የምስማር ብቻ ነው። ጊዜው ጥቅምት መሆኑም ጠቅሞናል፤ ክረምቱ ስለወጣ ግድግዳው ይደርቅ ነበር።

ጋዜጣው ሲነሣ

ግድግዳችን ላይ ከቀለሙ ሥር ጋዜጣ ነበር። በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፍና ሸካራው ግድግዳ ለስላሳ ይሆናል፣ ላዩ ላይ ቀለም ይቀባል። እኛ ስንልጠው ንብርብር ሆኖ መጣ። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን በብዛት ነበር፤ የስፖርት ገጽ፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ግማሽ ፊት። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና ቆሜ ማንበብ ስጀምር እናቴ «ሥራሽን ሥሪ፣ ዜናው አልፎበታል!» ብላ አሳቀችን።

ቀልዱ ይቅርና ጋዜጣ መለጠፍ ሁለት ችግር አለው። ሙጫው ዱቄት ስለሆነ በረሮና አይጥ ይጠራል፤ ወረቀቱም እርጥበት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ መልሰን አልለጠፍንም።

ጭቃና ኖራ

ጋዜጣው ሲነሣ ግድግዳው አፈጠጠ። ቀዳዳ፣ ስንጥቅ፣ አንዳንድ ቦታ ማገሩ ይታያል። እዚህ ላይ ባለሙያ ሆና የተገኘችው በቤቱ ስታፍር የነበረችው እናቴ ናት። ሰሜን ሸዋ ገጠር ስታድግ በየዓመቱ ከእናቷ ጋር ቤት ትለቀልቅ ነበር። አፈሩን ነፍታ፣ የጤፍ ጭድ ጨምራ፣ በውሃ አቡክታ ለአምስት ቀን እንዲብላላ ተወችው። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አያይዞ ይይዘዋል፤ ሲብላላ ደግሞ ጭቃው ይልማል፣ ይጣበቃል። ቀዳዳውን በዚህ ደፍና በላዩ የተነፋ አፈርና ጥቂት እበት የተቀላቀለበት ቀጭን ልቅላቂ አስኬደችበት። ሽታው ከደረቀ በኋላ ይጠፋል፤ አትፍሩ።

ቀጥሎ ኖራ ነው። በበዓል ሰሞን የዛፍ ግንድና የመንገድ ጠርዝ የሚቀባው ነጩ ነገር ማለት ነው። ለምን ፕላስቲክ ወይም ዘይት ቀለም አልገዛንም? አንደኛ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ በሚመጣ ግብዓት የሚሠራ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወጣ። ኖራ ግን ከአገራችን ድንጋይ የሚሠራ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ስቦ መልሶ የሚያወጣ መሆኑ ነው። ዘይት ቀለም ይህን መውጫ ይዘጋል፤ እርጥበቱ ከኋላ ገፍቶ ቀለሙን ያነሣዋል። ኖራ ግን እርጥበቱን ያሳልፈዋል።

የኖራ አሠራሩ ራሱ ደስ ይላል። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይልማል። ግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ማለትም ግድግዳውን ስስ ድንጋይ አለበስነው ማለት ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው፦

1. የለማውን ኖራ ወተት እስኪመስል በውሃ በጥብጦ ማሳደር፣ በማግስቱ ማጥለል። ያልለማ ኖራ ካጋጠማችሁ ኖራውን ወደ ውሃው ጥቂት በጥቂት ጨምሩ እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አትድፉ፤ ይፈነዳል፣ ያቃጥላል።
2. ጓንትና መነጽር ማድረግ። ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው፤ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥቦ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።
3. ግድግዳውን ከመቀባት በፊት ውሃ ረጭ ረጭ ማድረግ።
4. በስሱ መቀባት፣ አንድ ቀን ማድረቅ፣ እንደገና መቀባት። ሦስት ወይም አራት ጊዜ።

ያጠፋነውም እዚህ ላይ ነው። ኖራ እርጥብ ሳለ ግድግዳው ይታይበታል፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ይህን ሳናውቅ «አልያዘም» ብለን ውሃ ሳንረጭ አወፍረን ደራረብንበት። በማግስቱ ግድግዳውን የተደገፈ ሁሉ ጀርባው ዱቄት ሆነ፤ የአባቴ ጥቁር ኮት ሳይቀር። ያንን ቦታ በመጥረጊያ ፍቀን ከእንደገና በስሱ ጀመርን። በተረፈ ዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ኖራ አይዝም፤ ቀለሙ መፋቅ አለበት።

ኮርኒስና ብርሃን

ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነው። ውሃ ያሳደረበት ቡናማ ካርታ መስሏል። አዲስ መግዛት አሰብንና ዋጋውን ሰምተን ተውነው። ከዚያ ይልቅ አውርደን፣ በበረኪና አጥበን፣ ገልብጠን በላይ የነበረውን ፊት ወደ ታች አድርገን ወጠርነው። ደንግጌ ነው ያየሁት፤ አዲስ ነው የሚመስለው።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ የጠቆረ ግድግዳ ብርሃን ይውጣል፣ ነጭ ግድግዳ ግን አብዛኛውን ይመልሳል። ስለዚህ ኖራው ብቻውን ክፍሉን አሰፋው። በ60 ዋት አሮጌ አምፖል ፈንታ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. አስገባን፤ ብርሃናቸው ተቀራራቢ ነው፣ የሚበሉት ኃይል ግን አይገናኝም። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን የኬልቪን ቁጥር ተመልከቱ። 6500 የተባለው ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፣ ለቢሮ ይሆናል፤ 3000 ገደማ ያለው ቢጫ ያደላ ስለሆነ ለሳሎን ይሞቃል። የኤሌክትሪክ ሽቦ መንካት ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

የሚነሣው ዕቃ

ብራችን በብዛት የወጣው እዚህ ላይ ነው። መጋረጃው ቀድሞ ከመስኮቷ ጋር እኩል ስለነበር ሲከፈትም ግማሽ መስታወቱን ይሸፍን ነበር። አዲሱን ዘንግ ከመስኮቷ ከፍና ሰፋ አድርገን ሰቀልነው፤ መስኮቷ ያው ሆና ትልቅ መሰለች። ሌላ መጋረጃ አልጋውን ከእንግዳ መቀመጫው ለየ። የሶፋውን ትራሶች ከእናቴ አሮጌ ነጠላዎች ጥለት ቆርጠን አለበስናቸው። ቡፌውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ቫርኒሽ ቀባነው። የመጋረጃ ዘንጉንና መስታወቱን ያገኘነው መርካቶ፣ ያገለገለ ዕቃ በሚገኝበት ምናለሽ ተራ ነው። መስታወቱን ከበሩ ፊት ለፊት ስለሰቀልነው የበሩን ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልሳል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ማውጣት ነው። ቡፌው ላይ የተከመረው የማይሠራ ሬዲዮ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ሦስት የአምና ካላንደር ሁሉ ወጣ። ገሚሱን ቁራሌው ወሰደው።

በዚህ ነገር የሐረር ቤት ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። የጀጎል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ውስጡ ያሉት የሐረሪ ቤቶች ደግሞ ሳሎናቸው ከፍና ዝቅ ባሉ አምስት መደቦች የተሠራ ነው። ግድግዳቸው ላይ የሚታየው ጌጥ ስፌቱ፣ ሳህኑና ሰሐኑ ራሱ ነው። የሚጠቀሙበትን ዕቃ በሥርዓት ይሰቅሉታል። እኛም ጓዳ ተወሽቆ የኖረውን የአያቴን የስፌት መሶብ ወርቅ አውጥተን ሰቀልን። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።

ሒሳቡ

ለግድግዳ፣ ለጣራና ለኮርኒስ (ኖራ፣ ብሩሽ፣ ሬንጅ፣ ጭድ፣ በረኪና) 1,900 ብር፤ ለመጋረጃ፣ ለዘንግ፣ ለመስታወትና ለክር 3,200 ብር፤ ለአምፖልና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ 900 ብር፤ ለቫርኒሽ 600 ብር። ድምሩ 6,600 ብር ነው። የተረፈው 400 ብር ለቡናና ለዕጣን ሆነ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እናንተ ቁጥሩን ሳይሆን አከፋፈሉን ያዙ፤ ከሰባት እጅ ሁለቱ የማይሞላው ብቻ ነው ቤቱ ላይ የሚቀረው። የግለሰብ ክፍል የምትከራዩ ተማሪዎችም ይህንኑ ልትሠሩበት ትችላላችሁ፤ ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት ግን አከራያችሁን ጠይቁ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮአቸው መጡ፣ ጉዳዩም በመልካም አለቀ። ከነሱ በፊት ግን ማለዳ ጎረቤታችን እትዬ ለወጥ ሥራ ሲመጡ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ አዲስ ቤት እንደገባ ሰው «ቤት ለእምቦሳ!» አሉ። እናቴ ሳቀች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። «እምቦሳ እሰሩ!» አለቻቸው።

ይህን ስጽፍ ቤቱ አለ። ነገ ይፈርስ ከሆነም መጋረጃውን፣ መስታወቱንና መሶቡን ይዘን እንነሣለን። ኖራው ይቀራል። አባቴም ቢሆን አሁን «ብር መጣል» አይልም፤ ባለፈው ኢንቁጣጣሽ ዋዜማ ኖራውን በጥብጦ ያሳደረው እሱ ነው።

ቸር እንሰንብት።