ያውቁ ኖሯል? የካፋ ደን በአንዲት የጤዛ ጠብታ ውስጥ

በካፋዋ ቦንጋ ዙሪያ፣ በቡና ቅጠል ላይ ያደረች የጤዛ ጠብታ ከኋላዋ ያለውን ደን ገልብጣ በውስጧ ትይዛለች። ጠብታዋ ራሷ ሌንስ ናትና። ካሜራውን አስጠግቶ ትኩረቱን ከቅጠሉ ይልቅ በጠብታዋ ውስጥ ባለው ምስል ላይ ያደረገ ሰው፣ ዛፎቹን ተዘቅዝቀው ያገኛቸዋል። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ የቅርብ ፎቶ አላውቅም!

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ማክሮ ሌንስ 1 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የቡና ፍሬን በዲጂታል ካሜራው ሴንሰር ላይም 1 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ያሳርፋታል። በዚያ ቅርበት ግን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ባለሙያዎች ትኩረቱን ጥቂት በጥቂቱ እያራቁ ደጋግመው ያነሣሉ፤ ከዚያም ፎቶዎቹን በኮምፒዩተር አንድ ያደርጓቸዋል።

የቡና አበባ ግን ጊዜ አይሰጥም። ከበጋው ድርቀት በኋላ ዝናብ ሲያገኘው ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፤ በ2 ወይም በ3 ቀን ይጠወልጋል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው የካፋ ደን ውስጥ ይህ አበባ ማንም ሳይተክለው በበቀለ ቡና ላይ ይገኛል። አምስቱ የአበባ ቅጠሎቹ በቅርብ ሲታዩ እንደ ሰም ያበራሉ።

ደን ድረስ መሄድ ላልቻለ ጀበናው አለ። ፍላሹን አጥፍተው፣ ከመስኮት በጎን የሚገባውን ብርሃን ብቻ ይጠቀሙ። የሸክላው ሸካራነትና የሠሪዋ ጣት የተወው መስመር በተራ ስልክም ጎልቶ ይወጣል።